ፓምፑ፣ ካልሲየሙና ሂስታሚኑ፦ ስለ አለርጂ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

የመስከረም አበባ ሲወጣ ስለ አለርጂ የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። ዘንድሮ ግን ጥያቄው ጠለቅ ብሎ መጣ። ብዙዎቻችሁ በሴል ሽፋን ላይ ያሉ የአዮን (እንደ ሶዲየምና ካልሲየም ያለ ኤሌክትሪክ የያዘ ቅንጣት) ፓምፖች ከአለርጂ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ለማወቅ ፈልጋችኋል። እኔ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የአለርጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ ሴሉ የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ፤ የግል ሕክምናችሁን ግን ከሐኪማችሁ ጋር ጨርሱ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ፓምፖቹ አለርጂን አያስነሱም። አለርጂው ከተነሳ በኋላ ግን ሴሉ ምን ያህል ሂስታሚን (ማሳከክና ማበጥ የሚያመጣውን ኬሚካል) እንደሚለቅ ላይ ትልቅ እጅ አላቸው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ስለሚምታቱ ብዙ ሰው ገንዘቡን የማይረባ ነገር ላይ ያፈሳል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለእኛ ለማናውቀው ከሥሩ ጀምርልን። ሂስታሚን የሚባለው ነገር ከየት ነው የሚመጣው?

በብዛት ከማስት ሴል ነው። ማስት ሴሎች ከቆዳችን ሥር፣ በአፍንጫ፣ በአየር ቧንቧና በአንጀት ግድግዳ ላይ ተሰራጭተው ይኖራሉ። መጀመሪያ የለያቸው ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ነው፤ በ1878 በዶክትሬት ጽሑፉ። በደም ውስጥ የሚዞር ባዞፊል የሚባል ተመሳሳይ ሥራ ያለው ሴልም አለ።

ማስት ሴል ውስጡ በጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ ነው። ሂስታሚኑ እዚያ ሄፓሪን ከሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። ከሴሉ ውጭ ደግሞ አይ-ጂ-ኢ የሚባል አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) ተተክሏል። ሰውነትህ ለአንድ የአበባ ብናኝ ወይም ለኦቾሎኒ ቀድሞ አይ-ጂ-ኢ ሠርቶ ከሆነ፣ ያ ነገር ተመልሶ ሲመጣ ጎን ለጎን ያሉ አንቲቦዲዎችን ያቆላልፋቸዋል። ሴሉ በደቂቃዎች ውስጥ ከረጢቶቹን ወደ ውጭ ይከፍታል። ማሳከኩ፣ ማስነጠሱ፣ የቆዳው ማበጥ ከዚያ ይከተላል።

ጥያቄ፦ ፓምፕና ቻናል አንድ ናቸው? ትምህርት ቤት ሁለቱንም ተምረን ሁለቱንም ረስተናል።

አይደሉም። ቻናል በር ነው፤ ሲከፈት አዮኑ ከበዛበት ወደ አነሰበት በራሱ ይፈሳል። ፓምፕ ግን ኤቲፒ የሚባለውን የሴል ጉልበት እያቃጠለ አዮኑን ካነሰበት ወደ በዛበት ይገፋል። አዲስ አበባ ቤታችን ያለውን ሮቶ አስቡት። ፓምፑ ሌሊት ውሃውን ወደ ሮቶው ይገፋል፤ ጠዋት ቧንቧውን ስትከፍቱ ውሃው በራሱ ይወርዳል። ቧንቧውን የከፈተው ፓምፑ አይደለም። ፓምፑ ሌሊቱን ባይሠራ ግን ቧንቧው ቢከፈትም ጠብ የሚል ነገር የለም።

ለአለርጂ የሚያስፈልጉን ፓምፖች አራት ናቸው። የመጀመሪያው የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ ነው። ዴንማርካዊው ዬንስ ስኩ በ1957 ከሸርጣን ነርቭ ያገኘው ነው፤ በ1997 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሞበታል። በአንድ ኤቲፒ 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ሁለተኛው ካልሲየምን ከሴሉ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ነው። ሦስተኛው ካልሲየምን በሴሉ ውስጥ ወዳለ ጓዳ የሚከተው ነው፤ ሰርካ ይባላል። አራተኛው በከረጢቶቹ ሽፋን ላይ ተቀምጦ ውስጣቸውን አሲድ የሚያደርግ የሃይድሮጂን ፓምፕ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ታዲያ ከረጢቱን በመጨረሻ የሚያስከፍተው ማነው?

ካልሲየም። ይህንን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ይገናኛልና ትንሽ ልዘርዝረው።

ሴሉ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ሰዓት ከውጭ ያለው ነፃ ካልሲየም ከውስጡ 10,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይህን ልዩነት የሚጠብቁት እነዚያ የካልሲየም ፓምፖች ናቸው፤ ቀንና ሌሊት ያወጣሉ፣ ይከታሉ። አይ-ጂ-ኢዎቹ ሲቆላለፉ በሴሉ ውስጥ የመልእክት ሰንሰለት ይነሳና መጀመሪያ የጓዳው ካልሲየም ይለቀቃል። ጓዳው ሲጎድል ስቲም1 የሚባል ፕሮቲን ያንን ያውቃል። ወደ ውጭኛው ሽፋን ተጠግቶ ኦራይ1 የሚባለውን ቻናል ይከፍታል። ያኔ የውጭው ካልሲየም ይገባል፤ ከረጢቶቹም ከሽፋኑ ጋር ተዋሕደው ይከፈታሉ።

ካልሲየም ብቻውን እንደሚበቃ የታየው በ1973 ነው። እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ካልሲየምን በሽፋኑ የሚያሳልፍ ኬሚካል ማስት ሴል ላይ ጨመሩ። አለርጂ የሚያስነሳ ነገር በሌለበት ሂስታሚኑ ተለቀቀ። በ1984 ደግሞ ኤርቪን ኔየርና ባልደረቦቹ የአንድ ማስት ሴልን ሽፋን በኤሌክትሪክ እየለኩ ከረጢቶቹ አንድ በአንድ ሲዋሐዱ አዩ፤ የሽፋኑ ስፋት ደረጃ በደረጃ ሲጨምር በመሣሪያው ላይ ይነበብ ነበር። ጓዳው ሲጎድል የሚከፈተው የካልሲየም ፍሰትም በ1992 መጀመሪያ የተለካው ማስት ሴል ላይ ነው። በዓለም ላይ ላለ የሴል ሁሉ ጥናት የጠቀመ ግኝት ከአለርጂ ሴል መውጣቱ ሁሌም ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ፓምፕ ቢዘጋ ሂስታሚን ይለቀቃል ማለት ነው? አዎ ወይም አይ በለኝ።

ወንድሜ፣ በአንድ ቃል አይመለስም። የትኛው ፓምፕ ነው የተዘጋው?

ሰርካ ከሆነ፣ አዎ። በሜዲትራንያን አካባቢ ታፕሲያ የሚባል ተክል አለ፤ ሥሩ ቆዳን በማሳከክና በማቅላት ከጥንት ይታወቃል። ዴንማርኮች በ1970ዎቹ ከተክሉ ታፕሲጋርጂን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለዩ። ያኔ የሚታወቀው ማስት ሴልን ሂስታሚን እንደሚያስለቅቅ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ቆይቶ ተገኘ፤ ሰርካን ቆልፎ ይይዘዋል። ጓዳው ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ያፈሳል። ፓምፑ መልሶ ካልሞላው ባዶ ይቀራል፣ ስቲም1 ይነቃል፣ ኦራይ1 ይከፈታል፣ ካልሲየም ይገባል። አይ-ጂ-ኢም ሆነ የአበባ ብናኝ በሌለበት ሴሉ ልክ አለርጂ እንዳገኘው ይሆናል።

የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። ይህን ፓምፕ የሚዘጋው የታወቀው ንጥረ ነገር ኡዋባይን ነው፤ የሚገኘውም እኛ አገርም ከሚበቅለው ከምረንዝ ነው። ኦሮሞዎች ቀራሩ ይሉታል። በምሥራቅ አፍሪካ የቀስት ጫፍ ሲመረዝበት የኖረ ዛፍ ነው፤ የሚገድለውም ልብ ላይ ያለውን ይህንኑ ፓምፕ በመዝጋት ነው። እባካችሁ ቅርፊቱንና ቅጠሉን ለመድኃኒት ብላችሁ ቤት ውስጥ አትቀምሙ።

ኡዋባይን ማስት ሴል ላይ ሲጨመር ሁለት ተቃራኒ ነገር ይሆናል። በአንድ በኩል ሶዲየም በሴሉ ውስጥ ይከማቻል። በሽፋኑ ላይ 3 ሶዲየም እያስገባ 1 ካልሲየም የሚያስወጣ መለዋወጫ አለ፤ ሶዲየሙ ውስጥ ሲበዛ ይህ መለዋወጫ ይዳከማል። ስለዚህ ካልሲየም ውስጥ ይቆያል፣ ሂስታሚኑም ይጨምራል። በሌላ በኩል ፖታሲየም እየቀነሰ ስለሚሄድ የሴሉ ውስጥ ኔጋቲቭነት ይደክማል። ካልሲየም ፖዘቲቭ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚስበው ያ ኔጋቲቭነት ነበር። ስበቱ ሲደክም የሚገባው ካልሲየም ይቀንሳል። በሰው ሳንባ ማስት ሴል ላይ ፖታሲየም የሚያስወጣ ኬ-ሲ-ኤ 3.1 የሚባል ቻናል አለ፤ ካልሲየም ሲገባ ተከፍቶ ኔጋቲቭነቱን ይጠብቃል፤ ቻናሉ ሲዘጋ የሚለቀቀው ሂስታሚን ይቀንሳል። የትኛው ወገን እንደሚያሸንፍ እንደ ሴሉ ዓይነት፣ እንደ ሰዓቱና ሴሉ እንደተቀመጠበት ፈሳሽ ይለያያል። ለዚህ ነው በአንዳንድ ሙከራ ኡዋባይን ሂስታሚንን ሲያበዛ፣ በሌላው ለውጥ የማይታየው።

ጥያቄ፦ ሴሉ ኤቲፒ ቢያልቅበት ፓምፖቹ ሁሉ ይቆማሉ። ያኔ ሂስታሚን ይጎርፋል?

አይጎርፍም። ከረጢቱን ወስዶ ከሽፋኑ ጋር ማዋሐድ ራሱ ኤቲፒ ይፈልጋል። የሴሉን ጉልበት የሚያቋርጥ መርዝ የተሰጠው ማስት ሴል ቢቀሰቀስም ሂስታሚኑን ይይዛል። ሂስታሚን መልቀቅ ሕያው ሴል የሚሠራው ሥራ ነው፤ እንደ ተቀደደ ከረጢት መፍሰስ ብቻ አይደለም። ሴሉ ጨርሶ ከሞተና ከፈረሰ ግን ያለው ሁሉ ይወጣል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የሃይድሮጂኑን ፓምፕ ዘለልከው።

አልዘለልኩትም፣ ወደ እሱ እየመጣሁ ነው። ይህ ፓምፕ የከረጢቱን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ወደ 5.5 አካባቢ ያወርደዋል። በከረጢቱ ሽፋን ላይ ያለ አጓጓዥ ደግሞ ሁለት ሃይድሮጂን እያስወጣ አንድ ሂስታሚን ያስገባል። ስለዚህ ከረጢቱ በሂስታሚን የሚሞላው በዚህ ፓምፕ ጉልበት ነው። ከረጢቱ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። የውጭው ሶዲየም ይገባና ሂስታሚኑን ከሄፓሪኑ ላይ ፈንቅሎ ቦታውን ይይዛል። ውጭ ሶዲየም በብዛት ሊኖር የቻለው ደግሞ የሰውነት ሴሎች ሁሉ ሶዲየምን እያስወጡ ስለሚኖሩ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ለልባቸው ዲጎክሲን ይወስዳሉ። ዲጎክሲን ይህንኑ ፓምፕ እንደሚዘጋ አነበብኩ። አለርጂ ያባብስባቸው ይሆን?

እህቴ፣ ጥሩ አንብበሻል። ዲጎክሲን የኡዋባይን ዘመድ ነው። ነገር ግን በትክክለኛው መጠን ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚኖረው በጣም ጥቂት ነው፤ በቤተ ሙከራ ማስት ሴል ላይ ከሚጨመረው ጋር አይወዳደርም። ለዲጎክሲን የምንፈራው የልብ ምት መዛባት፣ ማቅለሽለሽና የዕይታ መደብዘዝን ነው። አባትሽ መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቋርጡ። እነዚህን ምልክቶች ካየሽ ግን በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው።

ጥያቄ፦ ኦሜፕራዞል ፓምፕ የሚዘጋ መድኃኒት ነው ይባላል። ለአለርጂዬ ልሞክረው?

አይሆንም። ኦሜፕራዞል የሚዘጋው የጨጓራን የሃይድሮጂንና ፖታሲየም ፓምፕ ነው፤ ሥራው አሲድ መቀነስ ነው። ሂስታሚን እዚያም አለ፤ ጨጓራን አሲድ አምርት ብሎ የሚያዘው አንዱ እሱ ነው። ኦሜፕራዞል ግን ማስት ሴልህን አያረጋጋም። እንዲያውም በኦስትሪያ በ2019 የወጣ ሰፊ የመድኃኒት ማዘዣ ጥናት የአሲድ መቀነሻ የወሰዱ ሰዎች ኋላ የአለርጂ መድኃኒት የሚታዘዝላቸው በብዛት መሆኑን አሳይቷል። ይህ ምክንያትና ውጤት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። ያለ ምክንያት ኦሜፕራዞል መዋጥ ግን ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ ጨው ብቀንስ አስሜ ይሻለኛል?

ለደም ግፊትህ ቀንስ። ለአስም ግን ማስረጃው ደካማ ነው፤ በስፖርት ሰዓት በሚነሳ አስም ላይ ትንሽ መሻሻል የታየባቸው ጥናቶች አሉ፤ ለመድኃኒት ምትክ የሚሆን ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ "የሴል ፓምፕህን ያስተካክላል" ብለው አልካላይን ውሃ ሸጡልኝ። ሦስት ወር ጠጣሁ። ልቀጥል?

አትቀጥል። የምትጠጣው ውሃ መጀመሪያ ጨጓራህ ውስጥ ካለ ጠንካራ አሲድ ጋር ይገናኛል። የደምህን ፒኤች ሳንባህና ኩላሊትህ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ይጠብቁታል። ውሃው ማስት ሴልህ ያለበትን ፈሳሽ አይቀይረውም። የሚያናድደኝ የወጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ምርት የሚሸጡ ሰዎች "መድኃኒቱን ተወው" ይላሉ። የስቴሮይድ መተንፈሻውን የተወ የአስም ሕመምተኛ ሊሞት ይችላል። ውሃውን ለመጠጣት ብለህ ያቋረጥከው መድኃኒት ካለ ነገ ጠዋት ሐኪምህ ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ ኪኒን ሂስታሚን እንዳይለቀቅ ነው የሚያደርገው?

ዋና ሥራው ያ አይደለም። የተለቀቀው ሂስታሚን የሚያርፍበትን ኤች1 የሚባል መቀበያ ነው የሚይዝብህ። ለዚህ ነው አለርጂው ከመነሳቱ በፊት ሲወሰድ የበለጠ የሚሠራው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከምንጩ የሚያስቆም መድኃኒት የለም?

አለ። ክሮሞሊን አንዱ ነው። ሮጀር አልቱንያን የተባለ እንግሊዝ ውስጥ የሚሠራ ሐኪም ራሱ አስም ነበረበት። አለርጂ የሚያስነሳበትን ነገር ወደ ውስጥ እየሳበ፣ በላዩ ላይ የተለያዩ ኬሚካሎችን በራሱ ላይ ሞከረ፤ በ1965 ክሮሞሊን ጋ ደረሰ። መነሻው ኬሊን የሚባል ከሜዲትራንያን ተክል የሚወጣ ንጥረ ነገር ነበር። ዛሬ በዓይን ጠብታ በብዛት ያገለግላል። ኦማሊዙማብ ደግሞ አይ-ጂ-ኢውን ራሱን የሚይዝ መርፌ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ ለአስም ይሰጣል። ዋጋው ውድ ነው። ዋናውን ካልሲየም ቻናል ኦራይ1ን መዝጋት የሚያጓጓ ሐሳብ ነው፤ ችግሩ ተፈጥሮ ራሷ መልሱን ሰጥታናለች። ኦራይ1 ሳይሠራ የተወለዱ ልጆች ከባድ የበሽታ መከላከል ጉድለት ይዟቸዋል። ቻናሉን ነጭ የደም ሴሎችም ይፈልጉታልና።

ጥያቄ፦ ለአስሜ ሳልቡታሞል መተንፈሻ ስስብ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል። ከፓምፕ ጋር ይገናኛል?

መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ መድኃኒቱ ጡንቻህና ልብህ ላይ ያሉትን ተመሳሳይ መቀበያዎች ስለሚነካ ነው። ከፓምፕ ጋር የሚገናኝ ሌላ ነገር ግን አለ። ሳልቡታሞል የጡንቻ ሴሎችን የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ ያፋጥናል። ፖታሲየም ከደም ወደ ሴል ይገባል፣ በደም ውስጥ ያለው ይወርዳል። ሐኪሞች በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም በአደገኛ ሁኔታ ሲጨምር ሳልቡታሞልን ለዚሁ ይጠቀሙበታል። ማስት ሴል ላይም ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለውን መልእክተኛ እያበዛ መልቀቁን ያቀዘቅዛል። መድኃኒቱን በቀን ደጋግመህ መሳብ ካስፈለገህ ግን አስምህ በቁጥጥር ሥር አይደለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ጥቁር አዝሙድ አሽትቺ ትለኛለች። ሳይንስ አለው?

ለእናትሽ አክብሮቴን አድርሽልኝ። በ1993 የወጣ የቤተ ሙከራ ጥናት ከጥቁር አዝሙድ የሚገኘው ኒጄሎን በአይጥ ማስት ሴል ላይ ሂስታሚን መልቀቅን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ መንገዱም በሴሉ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ማውረድ ነው። ስለ ካልሲየም ስናወራ ከቆየነው ጋር ይገጥማል። በአፍንጫ አለርጂ ላይ የተሞከረባቸው ትንንሽ ጥናቶችም አሉ። ማሽተቱ አይጎዳሽም። መተንፈስ ሲያቅትሽ ግን አዝሙድ አትፈልጊ።

ጥያቄ፦ ንብ ነድፋኝ ፊቴ አብጦ ትንፋሽ አጠረኝ። ቤት ያለውን ሴትሪዚን ዋጥኩ፣ ተረፍኩ። ልክ አደረግሁ?

መትረፍህ ደስ ብሎኛል። በሚቀጥለው ግን እንዲህ አታድርግ። ትንፋሽ ካጠረህ፣ ድምፅህ ከጎረነነ ወይም ራስህን ሊያስትህ ከሆነ ኪኒን አይደርስልህም። የሚያድነው አድሬናሊን ነው፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም በጭን ጎን ጡንቻ ላይ ይወጋል። የተስፋፉትን የደም ሥሮች ያጠባል፣ የአየር ቧንቧውን ይከፍታል፣ ማስት ሴሉ ተጨማሪ እንዳይለቅም ይገታል። ወዲያውኑ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ውሰዱኝ በል። እስክትደርስ ጋደም በል እንጂ አትቁም፤ ትንፋሽ ካስቸገረህ ግን ተቀመጥ። ስታገግም ደግሞ ንብ እንዳስነሳብህ ለሐኪም ተናገር፤ ለንብ መርዝ የሚሰጥ የማለማመጃ ሕክምና አለ፣ ውጤቱም ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በዚህ ርዕስ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። በምን ልጠንቀቅ?

በሦስት ነገር። አይጥ ላይ ብትሠሪ የአይጥ የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ ዋናው ዓይነት ለኡዋባይን ደንዳና ነው። የሰውን ሴል የሚዘጋው መጠን አይጥ ላይ ምንም አያደርግም፤ ይህን ሳያስተውሉ "ፓምፑ ሚና የለውም" ብለው የደመደሙ አይታጡም። ከተቻለ የሰው ባዞፊል ወይም ኤልኤዲ2 የሚባለውን የሰው ማስት ሴል ተጠቀሚ። ሁለተኛ፣ ሳይቀሰቀስ በራሱ የሚለቀቀውን ሁልጊዜ ለብቻው ለኪ፤ የሞተ ሴል የሚያፈሰውን እንደ አለርጂ ቆጥረሽ እንዳትሳሳቺ። ሦስተኛ፣ ካልሲየም ባለበትና በሌለበት ፈሳሽ ጎን ለጎን ሥሪ፤ ኡዋባይኑንም ለ10 ደቂቃና ለ2 ሰዓት ለየብቻ አቆይተሽ እዪው። ውጤቱ በሁለቱ ሰዓት ከተለያየ፣ ከላይ ያልኩት የሶዲየሙ ክምችትና የኔጋቲቭነቱ መድከም የትኛው እንደቀደመ መለየት ትችያለሽ።